የመንጠቆ ሳጥን መከፋፈያ ከምን ይሠራ? ከድሬ የተነሣ ጥያቄና 34 መልሶቹ

ጥያቄውን የኢንተርኔት መድረካችን ላይ የለጠፍኩት እሁድ ማታ ነው። ሰፈሬ ሳቢያን መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ 18 ፐርሰንት ቀርቶታል፣ ሙቀቱ አያስተኛም። እንዲህ ባለ ሰዓት የተጻፈ ጥያቄ እርጋታ ይጎድለዋል። ከታች ጥያቄዬንም፣ የመጡትን መልሶችም በየቁጥራቸው እነግራችኋለሁ፤ ያላነበባችሁት ብዙ ስለጠየቃችሁኝ ነው። ቃል በቃል አልገለብጥም። አንዳንዱ ባይገለበጥ ይሻላል።

ጥያቄው

የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ የምይዝበት የላስቲክ ሳጥን አለኝ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ነው የገዛሁት። ርዝመቱ 27 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 18፣ ጥልቀቱ 4 ተኩል። ስገዛው የሚነቀሉ መከፋፈያዎች ነበሩት። ልጆቼ ግማሹን የአሻንጉሊት ቤት ግድግዳ አደረጉት፣ ግማሹ የት እንደገባ እንጃ።

ባለፈው ወር አዋሽ ወረድን። አዋሽ ሰባት የሚኖር አማች አለኝ፣ ዓሣ የማጠምደው ከሱ ጋር ነው። ከአስፋልቱ ወጥተን ወደ ወንዙ ስንወርድ ያለው ኮረኮንች ሳጥኑን እንደ ጸናጽል ነቀነቀው። ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ ስከፍተው ትልቁ መንጠቆ፣ ትንሹ መንጠቆ፣ ክሩን የሚያሰምጠው እርሳስ፣ ተንሳፋፊው፣ የላስቲክ ትሉ ሁሉ ተቆላልፎ አንድ ጃርት ሆኖ ጠበቀኝ። ስፈታ አንድ ሰዓት ሄደ። ጣቴን ሁለቴ ተወጋሁ። አማቼ በዚያ ሰዓት ሁለት አምባዛ አውጥቷል፣ ቡናም ጠጥቷል።

ቤት ስመለስ ከቢጫ የዘይት ጀሪካን መከፋፈያ ቆርጬ በሱፐር ግሉ አጣበቅኩ። ሲያምር! ማክሰኞ የተጣበቀው ዓርብ ከመኪና ሳወጣው ሁሉም ረግፎ ሳጥኑ ሥር ተኝቷል። እንግዲህ ጥያቄዬ እናንተ ከምን ትሠራላችሁ፣ በምንስ ታቆሙታላችሁ የሚል ነበር።

መልሶቹ

1ኛው ሰላምታ ነው። ለኔ፣ ለቤተሰቤ፣ ለአባላቱ በሙሉ ጤና ተመኝቶ እሱም መልሱን በጉጉት እንደሚጠብቅ ገለጸ። ጨዋ ሰው ነው። ምንም አልጠቀመኝም፣ ግን ጨዋ ነው።

2ኛው አዲስ ሳጥን እንድገዛ መከረኝ። 3ኛው በምክሩ ተስማማና ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀ። በ4ኛው እኔ ገባሁ። ጉዳዩ የብር ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚሸጠው ሁሉ ክፍሉ ትንንሽ እንደሆነና ማንኪያ የሚመስሉት የብረት ማጥመጃዎቼ 9 ሴንቲ ሜትር ስለሚረዝሙ እንደማይገቡልኝ አስረዳሁ። የብርም ጉዳይ ነው፣ እሱን አልጻፍኩም።

5ኛው ላይ ነገሩ መንገድ ሳተ። የድሬ ልጅ ነው፣ አጻጻፉ ያስታውቃል፣ በየመስመሩ አቦ አለበት። ለመሆኑ ድሬዳዋ ላይ ዓሣ የሚጠመደው የት ነው፣ ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ነው ወይስ ደቻቱ አሸዋ ላይ ሲል አሾፈ። ሰው ሳቀ። እውነቱን ልናገርና እኔም ስቄያለሁ። ከተማችን በባቡር፣ በሙቀት፣ በኮንትሮባንድ ጨርቅ እንጂ በዓሣ አትታወቅም። ወንዛችን ደቻቱም ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ግመል ያርፍበታል።

6ኛው ቀልዱን ተቀብሎ አስረዘመው። ክረምት ላይ ከላይ ከደንገጎ ተራራ በኩል ሲዘንብ ዓሣው ከነሳጥኑ ቤት ድረስ እንደሚመጣልኝ ጻፈ።

7ኛው ሁለት መስመር ብቻ ነበር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሲመጣ ከቤቱ ሁለት ሰው እንደወሰደበት ነገረንና በደቻቱ እንዳይቀለድ ጠየቀ። ያን ሌሊት የማያስታውስ የድሬ ሰው የለም። ላይ ደጋው ዘንቦ፣ ከተማው ተኝቶ፣ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ከ7ኛው በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል የጻፈ ሰው አልነበረም። 6ኛው ጽሑፉን አጠፋ፣ ቁጥሩ ብቻ ቀረ። 5ኛው ይቅርታ ጠየቀ፣ ሰበብ ሳይደረድር፣ ግን ሳይል። እኔ የክሩ፣ ማለትም የውይይቱ፣ ባለቤት ሆኜ አንድ ቃል መጻፍ ነበረብኝ። ምን እንደምጽፍ ጠፋኝና ዝም አልኩ።

ዝምታውን የሰበሩት 8ኛው ናቸው፣ ጡረታ የወጡ ሼሚኖ። ለሌላ ከተማ ሰው፣ ሼሚኖ ድሬ ላይ የምድር ባቡር ሠራተኛ ማለት ነው። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1902 ድሬ ከደረሰው ሐዲድ ጋር የመጣ። ጋሼ ስለ 7ኛው ምንም አላነሡም። ቀጥታ ወደ ሥራው መለሱን። ለዚህ አሁንም አመሰግናቸዋለሁ።

መጀመሪያ ያረሙኝ ልኬን ነው። እኔ የሳጥኑን አፍ ለክቼ መከፋፈያውን በዚያው ልክ ቆርጫለሁ። እንዲህ ያለ የላስቲክ ሳጥን ግን ከላይ ሰፍቶ ከታች ይጠብባል፤ ፋብሪካ ውስጥ ከቅርጹ በቀላሉ እንዲወጣ ተብሎ ነው። ስለዚህ መከፋፈያው አራት ማዕዘኑ እኩል መሆን የለበትም፣ ታችኛው ጎኑ ትንሽ ማጠር አለበት። ማጠሩ በግምት እንዳይሆንም መጀመሪያ በካርቶን ቆርጦ መሞከር፣ ካርቶኑ ልክ ሲሆን ብቻ ወደ ላስቲኩ መሄድ። የኔው ሲለካ የአንዱ መስመር ወርድ ከላይ 58 ከታች 56 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ለካ እነዚያ ሁለት ሚሊ ሜትሮች ናቸው መከፋፈያውን ወደ ላይ ሲገፉት የከረሙት። የሳቸው የራሳቸው ሳጥን ከላሜራ የተሠራ ነው፣ ውስጡ በስታኞ የተበየደ። ጂቡቲ ለሥራ ሲወርዱ ባሕር ላይ ያጠምዱበት ነበር። የላሜራው ጠርዝ ካልታጠፈ ከመንጠቆ በላይ ጣት እንደሚቆርጥም አስጠነቀቁ። እኔ ላሜራ የማጠፍ ድፍረቱም መሣሪያውም የለኝም። ግን የካርቶኗን ነገር ያዝኳት።

9ኛው ከሐረር ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ጀሪካን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ በቅቤ በተቀባ ምጣድ ላይ ወረቀት እንደመለጠፍ ነው ባይ ነው። ከዚያ አስተማረ፣ ማስተማርም ከተባለ። የላስቲክ ዕቃ ሲገለበጥ ሥሩ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች፣ ውስጧ ቁጥር አለ። 2 ከሆነ ጠንከር ያለው ፖሊኤቲሊን ነው፣ ጀሪካን የሚሠራበት። 5 ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን። ሁለቱም ከተራ ኮላ ጋር አይስማሙም፤ ኮላው ላያቸው ላይ ይደርቃል እንጂ አይዛቸውም። 6 ፖሊስታይሪን ነው፣ እሱ በኮላ ይያዛል ግን እንደ ብስኩት ይሰበራል። ሲጨርስ የጀሪካን ሥር ማንበብ የማይችል ሰው ዓሣውን ከሱቅ ቢገዛ እንደሚሻለው ጨመረበት።

ደሜ ፈላ። 10ኛው የኔ መልስ ነው። ረጅም ነበር፣ ጥሩም አልነበረም፣ በማግስቱ ግማሹን አጥፍቼዋለሁ። ከለጠፍኩት በኋላ ግን በስልክ መብራት ጓዳ ገብቼ ጀሪካኑን ገለበጥኩ። ሦስት ማዕዘን። 2።

በ11ኛው አንድ ሽማግሌ ልሁን ባይ ገባ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ በነፋሻ አየር ስለ ኮላ ትናገራለች፣ ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ሆና ላቧን እየጠረገች ትሰማለች፣ ስለዚህ ሁላችንም እንድንተዛዘን አሳሰበ። 12ኛው ስለ መከፋፈያውም ስለ ጠቡም ግድ አልነበረውም፣ ዓሣን በአልፋው አ እና በእሳቱ ሰ መጻፌ አሳምሞት ነበር። እርማቱን ተቀብያለሁ። እሱም ራሱ ሌላ ቃል በተሳሳተ ፊደል ጽፎ ነበር፣ አልተናገርኩም።

ከዚህ በኋላ የኮላ ሰልፍ መጣ። 13ኛው ለመስኮት የሚሆነውን ሲሊኮን አቀረበ፤ ይለጠጣል፣ ውሃ አይፈራም፣ ሙቀት ይችላል። እውነትም ጥሩ ሐሳብ ይመስል ነበር። 14ኛው ግን አንድ ነገር አነሣ። ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው የሲሊኮን ዓይነት ሽታው የአሲድ ነው፣ የአሲዱ ትነት ደግሞ ብረት ያዝጋል። እሱ ሲሊኮኑ ሳይደርቅ ክዳኑን ዘግቶ አሳድሮ ጠዋት መንጠቆዎቹን ቡናማ ሆነው አግኝቷቸዋል። ይህን በሌላ ቦታ አንብቤ አላውቅም ነበር፣ እነሆ እናንተም አወቃችሁ።

15ኛው ሽጉጥ በሚመስል መሣሪያ የሚቀልጠውን ኮላ መከረ። 16ኛው የባጃጅ ሹፌር ነው፣ መኪና ፀሐይ ላይ ሲቆም ውስጡ ስንት እንደሚደርስ ከሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ድሬ ላይ ውጪው 36 እና 37 ሲሆን መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ከ60 ዲግሪ ያልፋል። ያ ኮላ ደግሞ የሚለሰልሰው ከዚያው አካባቢ ጀምሮ ነው። መስታወቱ ሥር ያጣበቃት ትንሽ ሥዕል አንድ ቀን ከሰዓት ተንሸራታ የማርሽ እጀታው ላይ እንዳገኛት ተረከ። ለአስረጅነት ይበቃል።

17ኛው የኤክስሬይ ፊልም አመጣ። በመቀስ ይቆረጣል፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ለትንሽ ጊዜ ሁላችንም ወደድነው። አንድ ጉድ ግን አለው። የድሮው ፊልም ላዩ ጄላቲን የተቀባ ነው፣ ሲርስ ያብጥና ይጣበቃል፤ ዓሣ አጥማጅ ደግሞ እጁ ደርቆ አያውቅም። ይህን ያስረዳው 18ኛው ነው፣ ከዚያ ርዕሱን ጥሎ ስለ አያቱ ጉልበት ኤክስሬይ ማውራት ጀመረ። አያቱ ፊልሙን ግድግዳ ላይ ሰቅለው እንግዳ ሁሉ ጉልበታቸውን ሳያይ ቡና አይቀርብለትም ነበር። ለክሩ አይረዳም፣ ግን ከሁሉም መልስ በላይ የተወደደው እሱ ነው።

19ኛው በሲዲ መያዣ ላስቲክ ሠርቶ ነበር። ያ ቁጥር 6 ነው፣ በኮላ ይያዛል፣ ሰውየው ሊቁን የሐረር ሰው ሰምቶ ሳይሆን በአጋጣሚ ነው የመረጠው። በደንብም ቆመለት። ችግሩ የመጣው የላስቲክ ትሎቹን ሲያስቀምጥበት ነው። እነዚያ ለስላሳ ትሎች ለስላሳ እንዲሆኑ ዘይት መሰል ነገር ይጨመርባቸዋል። ዘይቱ ቀስ እያለ ይወጣና ፖሊስታይሪንን ያሟሟል። ሁለት ወር ቆይቶ ሲከፍት ትሉና መከፋፈያው ተዋህደው አንድ ሙጫ ሆነዋል። 2 እና 5 ቁጥሮች ይህን ይቋቋማሉ። ስለዚህ ጀሪካኔ የተናቀውን ያህል መጥፎ አልነበረም፤ መጥፎው ኮላው ነው።

20ኛው ፍሪጅ ይሸጣል። ስልኩን አስቀምጧል።

21ኛው በቅንነት አንድ ጥያቄ ጣለ፤ ዓርብ ያጠመዱትን ዓሣ ዓርብ መብላት ጾም ይገድፋል ወይ የሚል። ምን ያደርጋል! 22ኛው ይገድፋል፣ 23ኛው አይገድፍም፣ ሁለቱም አባት ጠቅሰው፣ ሁለቱም በትልልቅ ቃል። አስተዳዳሪው በ24ኛው ገብቶ ዘጋው። ለዚህ ጉዳይ መድረኩ ላይ የራሱ ክር አለው፣ ከተከፈተ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እስካሁን አላለቀም።

ከዚያ 25ኛዋ መጣች።

ሐረር መኪና ግርግር ልብስ ትሰፋለች። ጀጎል ውስጥ ያለው ያ የሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ወንድሞቼ ብላ ጀመረች፣ መንጠቆ በእጇ ይዛ እንደማታውቅ፣ ማየቱም እንደሚያስፈራት አስቀድማ ነገረችን። ግን ቁልፍ አላት፣ መርፌ አላት፣ ዚፕ አላት፣ የነሱም ሳጥን ይደባለቃል። ያደረገችው እንዲህ ነው። አዲስ ብርጭቆ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ እንዳይጋጩ የሚለያቸው መስቀለኛ ካርቶን አለ። እሱን አወጣችና ነጣጥላ አየችው። ኮላ የለውም። ረጅሙ ካርቶን ከላይ ወደ ታች እስከ ግማሹ ተሰንጥቋል፣ አጭሩ ከታች ወደ ላይ እስከ ግማሹ። ሁለቱ ስንጥቆች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይጎርሰዋል። እርስ በርስ ይደጋገፋሉ እንጂ ሳጥኑን አይለምኑም። እሷ ከአሮጌ የቀለም ባልዲ ቆርጣ ሠርታዋለች፣ ከገባ ጀምሮ አልተነቃነቀም። ማጠብ ስትፈልግ እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ አንድ ላይ ታወጣዋለች።

ስንት ሰው ስንት ኮላ ቆጥሮ መልሱ የብርጭቆ ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቤቴ ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ካርቶን አለ፣ ፍሪጁ ላይ፣ የሠርጋችን ብርጭቆ ያለበት።

26ኛው ያው 9ኛው ነው፣ የሐረሩ። አሁን ድምፁ ሌላ ነው። እህቴ ብሎ አመሰገናት፣ ከዚያም ቁጥር ቁጥሩን ጨመረ። የስንጥቁ ስፋት ከላስቲኩ ውፍረት ጋር እኩል መሆን አለበት። የኔ ጀሪካን ግድግዳ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ስንጥቁም እንደዚያው፤ ከሰፋ ይወዛወዛል፣ ከጠበበ መከፋፈያው ይጣመማል። በአንድ የካተር ምት የተሰነጠቀ አይበቃም፣ ሁለት ትይዩ መስመር ተቆርጦ መሃሉ መውጣት አለበት። ሁለተኛ፣ ቁመቱ ክዳኑን መንካት አለበት። ሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ከቀረ ቀጭን መንጠቆ በዚያ ሾልኮ ጎረቤት ይገባል። አስረዝሞ ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ማሳጠር እንጂ አጥሮ ከተቆረጠ በኋላ መድኃኒት የለውም። ሦስተኛ፣ የኔን 9 ሴንቲ ሜትር ማንኪያዎች አልረሳቸውም። አንዱን መስመር ሳይከፈል ከዳር እስከ ዳር መተው ነው። ለዚህ የአግድሞቹ መከፋፈያዎች ሁለተኛውን ረጅም መከፋፈያ አልፈው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ጅራት እንዲተርፋቸው ማድረግ፤ ስንጥቁ ጫፍ ላይ ካረፈ ይቀደዳል። ይህን ሁሉ ሲጽፍ አንድ ስድብ የለበትም። የሰፊዋ ጨዋነት ይመስለኛል የገራው፣ የኔ 10ኛማ አባባሰው እንጂ።

27ኛው የተቆረጠ ጀሪካን ጥቅልል ስለሚል እንዴት እንደሚቃና ጠየቀ። 28ኛው የፈላ ውሃ ውስጥ አቆይቶ በሁለት ጣውላ መሃል ጭኖ ማቀዝቀዝ ነው አለ። 29ኛው፣ መምህር መሆን አለበት፣ ከፍታ ሲጨምር ውሃ ቶሎ እንደሚፈላ አስታወሰ፤ ድሬ ላይ ወደ 96 ዲግሪ፣ ሐረር ላይ ወደ 94። ፖሊኤቲሊኑ የሚቀልጠው 130 አካባቢ ስለሆነ ሁለቱም ከተማ ያለሰልሱታል እንጂ አያቀልጡትም። ከዚህ ተነሥቶ የየትኛው ከተማ ሻይ በደንብ ይወጣል የሚል ጭቅጭቅ ሊነሣ ነበር፣ አስተዳዳሪው አንድ የሚስቅ ምስል ብቻ ለጠፈና በረደ። እኔ ሞክሬዋለሁ። ከጀሪካኑ ጠፍጣፋ ጎን ብቻ ከተቆረጠ ማፍላቱም ብዙ አያስፈልግም፣ ከጠርዙ አካባቢ ያለው ግን ተፈልቶም ቢሆን ትንሽ ጎበጥ ማለቱን አይተውም።

30ኛው የጂቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ጭነት እስኪጭን ወደብ ዳር ክር ይጥላል። ስለ መከፋፈያ ሳይሆን ስለ ዝገት ነው የጻፈው። አንድ የረጠበ መንጠቆ ከደረቁት ጋር ከገባ ሁሉም ይዝጋል፣ የባሕር ውሃ ከሆነ ደግሞ በአንድ ሌሊት። በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ መክተት። ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ሳይጥል በየክፍሉ አንዳንድ ያስቀምጣል። ለረጠበው የሚሆን አንድ ክፍል ባዶ መተውም የሱ ሐሳብ ነው፣ እኔም ተውኩ።

31ኛዋ ጤና ጣቢያ እንደምትሠራ ነገረችን። መጀመሪያ፣ ጥያቄዬ ላይ ልጆቼ መከፋፈያውን ለአሻንጉሊት እንደወሰዱት ያነበበችው እሷ ብቻ እንደሆነች በቁጣ ጠየቀችን። ሁላችንም ስለ ላስቲክ ስናወራ እሷ ያሰበችው እርሳሱን ነው። እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል፣ ወደ አፍ የገባ ጥቂቱም ቢሆን። እርሳሱ የሚቀመጥበት ክፍል የራሱ ክዳን ያለው ቢሆን፣ ሳጥኑ ከልጅ እጅ በላይ ቢሰቀል፣ አጥማጁም እርሳሱን በጥርሱ እየነከሰ ክር ላይ ማጥበቁን ቢያቆም፣ እንጀራ ከመቁረሱ በፊትም እጁን ቢታጠብ። በጥርስ የሚለው ላይ አፈርኩ። አማቼም እኔም እንደዚያ ነው የምናደርገው። ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና አንብባ ሳጥኑን ያን ዕለት ማታ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው።

32ኛው የኔ ሪፖርት ነው። ሁለት ረጅም፣ አራት አግድም ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ካርቶን አልሆነም፣ ሁለተኛውም አልሆነም፣ ሦስተኛው ገባ። ላስቲኩን ስቆርጥ ማስመሪያው አንድ ጊዜ አምልጦኝ አንድ አግድም ተበላሸ፣ የጀሪካኑ ሌላ ጎን ስለነበረ ችግር አልነበረም። ሰባት ክፍል አለኝ ብዬ ስጽፍ የሐረሩ ሰው ከሥዕሉ ቆጥሮ አሥር ናቸው ብሎ በግል ላከልኝ። የተዉኩትን ረጅሙን መስመር ጨምሬ ስቆጥር አሥራ አንድ ሆኑ። ለሱም ነገርኩት፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ክዳኑ አልዘጋ አለ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ታህል። በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ፣ ተዘጋ። ገልብጬ ነቀነቅኩት። አንድም መንጠቆ ቦታውን አልለቀቀም።

33ኛው አስተዳዳሪው ነው፣ የሠሩ ሰዎች ፎቶ እንዲልኩ ጠየቀና የመጡትን ሰባት ፎቶዎች አንድ ላይ ለጠፈ። ከሰባቱ መንጠቆ ያለበት የኔና የጂቡቲው ሹፌር ብቻ ነው። የባጃጁ ሹፌር ፊውዝና ብሎን ሞልቶበታል። አንዱ የሞባይል ጥገና ቤት አለው፣ ቪቶቹን በየስልኩ ለይቷቸዋል። አንዲት እናት ቅመም አድርጋበታለች፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ቁንዶ በርበሬ። ሁለቱ የልጆች የወረቀት ቁርጥና ዶቃ ነው። ጋሼ ሼሚኖው ፎቶውን አይተው የቅመሙ መከፋፈያ ስንጥቅ ከሁሉም በላይ ቀጥ ያለ መሆኑን መሰከሩ። የኔን አልጠቀሱም።

34ኛው የ5ኛው ልጅ ነው። ያ የከዚራው ጥላ፣ የደቻቱ አሸዋ። በቁም ነገር ጠየቀ፣ በሚቀጥለው አዋሽ ስንወርድ መኪናው ውስጥ ቦታ ይኖር እንደሆነ። ዓሣ አጥምዶ አያውቅም። ሊጥ ይሁን ትል ይዞ መምጣት ያለበት እንደማያውቅ፣ ግን ቤንዚን እንደሚያዋጣ ጻፈ።

ቦታ አለ አልኩት። ኮረኮንቹ ላይ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚይዘው ግን እሱ ነው።